ቀሚሴን ማን አጠበበው?

ከማንም የሰማሁት ታሪክ አይደለም። በራሴ ቤት፣ በራሴ ገላ ላይ የደረሰ ነው። ማመን የሚከብደው ካለ አልፈርድበትም... እኔም በጣቴ ባልዳስሰው ኖሮ አላምንም ነበር።

ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

መኝታ ቤት ነኝ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ግማሹን አልጋ ይዛዋለች። ጎረቤት የልብስ እጣቢ ሲደፋ ይሰማል። የሚያስፈራ ምንም ነገር አልነበረም።

ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ልብስ እየቀየርኩ ነበር። ሰማያዊውን ቀሚሴን ለበስኩና ዚፑን ሳብኩት።

እንቢ አለ።

ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ደግሜ ሳብኩት...

እንቢ።

ባለፈው እሑድ እኮ ለብሼው ነበር! ያውም ሰፍቶኝ በቀበቶ አስሬው።

አውልቄ አረንጓዴውን ሞከርኩ። እሱም ወገቤ ላይ ሲደርስ ቆመ። ደረቴ ላይ ልክ ነው፣ ትከሻዬ ላይ ልክ ነው። ሆዴ ላይ ብቻ... ጠቧል።

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ልጄ አምስት ደቂቃ ከዘገየች መኪና ገጭቷታል ብዬ ነው የማስበው። ስልክ ሲጮህ መርዶ ይመስለኛል። በር ሲንኳኳ ፖሊስ። ባለቤቴ "አንቺኮ ጥላሽ ሲከተልሽ እንኳ 'ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው' ሳትዪ አትቀሪም" እያለ ይስቅብኛል።

እሱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አሥር ቀን መንገድ ላይ፣ አራት ቀን ቤት። ልጃችን ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። ሚጢ ነው የምንላት። ስንጋባ ገና መራመድ የጀመረች ሕፃን ነበረች። አባቷ ጥሎኝ ጠፋ ብዬ ነገርኩት፤ እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። እንደ አብራኩ ክፋይ አሳደጋት። "አለቃዬ" ነው የሚላት።

ከእኔ ግን ልጅ አላገኘም። ስምንት ዓመት ሞከርን። አልሆነም።

የምሠራው አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ ካርድ ክፍል ነው። በመስኮት ስም እየጠራሁ ካርድ አወጣለሁ። ከዚያ በፊት ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አሁን ግን ቤቴ ውስጥ መርፌም ክርም የለም። የባለቤቴ ቁልፍ ሲበጠስ እንኳ ሰፈር ላለው ሰፊ ነው የምሰጠው።

ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ባለቤቴ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ገባ። እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ አየኝ። ደግሞ አየኝ።

"አንቺ... ወፈርሽ እንዴ?"

"ምን እወፍራለሁ! ልብሱ ታጥቦ ተኮማትሮ ነው።"

"ትናንት በስልክም እንዲሁ ብለሽኛል። ስንቱ ልብስ ነው የሚኮማተረው?"

ወጥ ጨመርኩለት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የወር አበባሽ... መጥቷል?"

ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነበር። ለራሴ እንኳ መናገር ፈርቼ ነው። አልመጣም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ይሄ ጎማ በአንድ እጁ የሚያነሳ ሰውዬ ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አለኝ። "ነገር እስኪጸና ድረስ አፋችንን እንዘጋለን። እሺ?"

በነጋታው እናቱ ደወሉ። ከዚያ እህቱ። ከዚያ የመኪናው ረዳት። ከሰዓት በኋላ የሚሠራበት ድርጅት ጥበቃ ሳይቀር ደውሎ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

እኔም ሳላውቀው ደስታው ያዘኝ። ዕድሜ ልኬን ክፉ ክፉውን ሳስብ የኖርኩ ሴት፣ በዚያ ሰሞን ብቻዬን ስሆን ፈገግ እል ነበር።

ልብሶቼ ግን በየቀኑ ይጠቡ ነበር።

ቀሚሶቹ ሁሉ። የሌሊት ልብሴ። ለሥራ የምለብሰው ነጭ ጋዋን እንኳ ቁልፉ አልደርስ አለ።

አንድ ነገር ብቻ ልክ አልመጣልኝም...

ክሊኒካችን በር ላይ ሚዛን አለ። ወጣሁበት። ሃምሳ ስምንት ኪሎ።

ከሳምንት በኋላ ወጣሁበት። ሃምሳ ስምንት።

ሚጢም ተለወጠችብኝ። ስትበላ ማንኪያውን በግራ እጇ ትይዛለች። ሕፃን ሆና እንዲህ ያደርጋት ነበር፤ እጇን እየመታሁ አስትቻት ነበር። አሁን በቀኝሽ ብዪ ስላት ዝም ብላ ታየኛለች። ፊቴን አይደለም፤ ሆዴን።

አንድ ቀን ጫማዋን እያሰርኩላት፣ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"እማ... እውነት ልጅ አለሽ?"

"ይመስለኛል ሚጢዬ።"

"እሷም አለሽ ትላለች።"

"ማን?"

ሌላኛውን እግሯን አቀረበችልኝ።

"ማን ናት ሚጢ?"

"ይሄኛው ላልቷል" አለች። 

ሦስተኛው ሳምንት ላይ መታገስ አቃተኝ። ረቡዕ ጠዋት የእኛው ላብራቶሪ ገባሁ። የላብራቶሪዋን ልጅ ጥርሷ ነው የምንላት፤ ስትስቅ ስለምትውል።

"ዛሬስ ምን ይዘሽ መጣሽ?" አለችኝ። "ሰኞ ጉበት ነበር። ማክሰኞ ልብ። ዛሬ ኩላሊት ነው በይኛ።"

"እርግዝና" አልኳት።

ጮኸች። አቀፈችኝ። ጓንቷን አጥልቃ እያዜመች ወደ ውስጥ ገባች።

ስትመለስ ዜማው የለም።

"እህቴ... የለም።"

"ድገሚው።"

"ደግሜዋለሁ።"

አልትራሳውንድ ክፍል ይዛኝ ገባች። ሐኪሙ ሆዴ ላይ ቀዝቃዛውን ቅባት ቀብቶ ረጅም ጊዜ አየ።

"ባዶ ነው" አለኝ። "ምንም የለም።"

ልለብስ መጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ቀሚሱን ስጎትተው ተገልብጦ ነበር የወጣው። ውስጡ በውጭ ሆኖ እጄ ላይ ነው። እንባዬን ልጠርግበት ወደ ፊቴ አስጠጋሁት...

እና ጎኑን አየሁት።

ከፋብሪካ የወጣው የመኪና ስፌት እንዳለ ነው። ከእሱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ደግሞ... ሌላ ስፌት አለ። የእጅ ስፌት። ደቃቅ፣ እኩል፣ የሚያምር።

ቀሚሴ አልተኮማተረም። እኔም አልወፈርኩም። ሰው አጥብቦታል።

ጣቶቼን አስቀመጥኩበት። በግራ ጎን ሁለት ጣት። በቀኝ ጎን ሁለት ጣት።

የሰፊ እጅ እንደ ጽሕፈት ነው። አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ዓመት ከሠራሽ፣ ጨርቁን አይተሽ ማን እንደሰፋው ትናገሪያለሽ። በቀኝ እጅ የተሰፋ ክር ወደ አንድ ጎን ነው የሚያዘነብለው። በግራ የተሰፋ ወደ ሌላው።

ይሄኛው ወደ ሌላው ነው ያዘነበለው።

በሕይወቴ የማውቃት ግራኝ ሰፊ አንዲት ብቻ ናት።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን እውነቱን ልጻፈው። ባለቤቴ እንኳ የማያውቀውን።

የሆስፒታል ልብስ የምንሰፋበት ቤት ነበር። ስድስት መኪና፣ ስድስት ሴት። የስፌት ቤቱን አለቃ ሁላችንም እታለም ነበር የምንላት። ከጎኔ የምትቀመጠው የእታለም የእህት ልጅ ናት። ሁሉንም ነገር በግራ እጇ ስለምትሠራ ግራኟ እንላታለን። እሷም ስሟ እስኪመስላት ድረስ ለምዳዋለች።

ግራኟ ልጅ ወለደች። ሕፃኗን ቁርጥራጭ ጨርቅ በሞላው ቅርጫት ውስጥ አስተኝታ ትሠራ ነበር። ስታለቅስ በእግሯ ቅርጫቱን ነቅነቅ ታደርገዋለች፤ እጇ አይቆምም።

ልጅቷ አራት ወር ሲሆናት ግራኟ ማሳል ጀመረች። ከዚያ ደም መጣ። ሩቅ ያለ የሳንባ ሆስፒታል ገብታ ስድስት ወር እንድትተኛ ተወሰነ። ሕፃን ይዞ መግባት አይቻልም። እታለም ደግሞ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ባል ታስታምም ነበር።

ግራኟ ልጇን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"አደራሽን" አለችኝ። "እናት ሁኚላት። እስክመጣ ብቻ።"

እናት ሆንኩላት።

በሁለተኛው ወር ከሩቅ ሳታየኝ በድምፄ መሳቅ ጀመረች። ሌላ ሰው ሲይዛት ታለቅሳለች፤ እኔ ስይዛት ዝም። ሐኪሞች ማህፀንሽ አይዝም ብለውኛል። ከዚህ በኋላ ይህችን ልጅ መልሼ... በየት በኩል?

አልመልስም አልኩ።

ሥራ ለቀቅኩ። ቤት ለቀቅኩ። ከተማ ቀየርኩ። ከዚያ ለግራኟ ደብዳቤ ጻፍኩላት። "ልጅሽ ትኩሳት ይዟት አንቺ በሄድሽ በሃያኛው ቀን አረፈች። እንዳይብስብሽ ብዬ ነው እስካሁን የደበቅኩሽ" አልኩ። እንድታምነኝ ደግሞ ራሷ በእጇ የሰፋችላትን ቢጫ ቀሚስ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ ላክሁላት።

ከላክሁላት በአራተኛው ቀን ድስት እያጠብኩ ነበር።

እጄ ውሃ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ...

ያችን ቀሚስ አስፍቻት ነበር። ሕፃኗ ስላደገች፣ ከመላኬ ከሳምንት በፊት፣ ጎንና ጎኑን ፈትቼ ሁለት ሁለት ጣት ለቅቄላት ነበር።

በሃያ ቀን ውስጥ የሞተች ልጅ ቀሚስ ማን ያሰፋዋል?

ስፌት ሲፈታ የድሮው የመርፌ ቀዳዳ በተርታ ይቀራል። ካውያ አያጠፋውም። ሌላ እናት ብትሆን ቀሚሱን ደረቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች እንጂ አታየውም። ሰፊ ናት እንግዲህ። ሰፊ ልብስ ሲሰጣት መጀመሪያ የምትገልበው ጎኑን ነው።

ፈሪ የሆንኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። በር ሲንኳኳ የምደነግጠው፣ መርፌ ማየት የማልችለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ከክሊኒኩ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆምኩ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ይሆናል። የስፌት ቤቱ ስልክ ቁጥር ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፎ ስለነበር ከአእምሮዬ አልጠፋም። ደወልኩ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግኩት።

"ሃሎ" አለች አንዲት ያረጀች ድምፅ።

"ስፌት ቤት ነው? ስለ... አንዲት የድሮ ሠራተኛችሁ ልጠይቅ ነበር። ግራኝ ስለነበረችው።"

ከጀርባዋ መቀስ ጨርቅ ሲበላ ይሰማል። ከዚያ መቀሱ ቆመ።

"ድምፅሽን አታቅጥኚ" አለችኝ። "አወቅኩሽ።"

"እታለም..."

"እንዳትጠሪኝ።"

"በሕይወት አለች?"

"ዛሬ ነው ትዝ ያለሽ? ሞታለች። ያንን ደብዳቤ በላክሽ በአምስተኛው ወር።"

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደረቴ ቀለል አለኝ።

"ከሆስፒታል ጠፍታ ነው የመጣችው" አለች እታለም። "ቀሚሷን ይዛ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ 'ይሄን ጎን እዪው፣ ልጄ አድጋለች' አለችኝ። ደም እየተፋች ትስቅ ነበር፣ ትሰሚያለሽ? ቤትሽ ሄድን፤ ተዘግቷል። ከተማ ለከተማ ፈለግንሽ። መንገድ ላይ ነው የወደቀችብኝ።"

"ስትሞት... ምን አለች?"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ንገሪኝ።"

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ።

"'ልጅ እያለኝ የለሽም አለችኝ። እኔ ደግሞ ሳይኖራት አለሽ እላታለሁ።' እንዲህ አለች። ትኩሳቱ ነው ብዬ ነበር።"

ጀርባዬን ዛፉ ላይ አስደገፍኩ።

"ልጅቷ..." አለች እታለም፣ ድምፅዋ ተሰበረ። "ልጅቷ ደህና ናት?"

ዘጋሁት።

ወዲያው መልሳ ደወለች። አላነሳሁም። እንደገና። አላነሳሁም።

ቤት እስክደርስ ፍርሃቱ ንዴት ሆነ። ዘጠኝ ዓመት! ጥርስ ስታበቅል ያደርኩት እኔ። ኩፍኝ ሲይዛት ያስታመምኩት እኔ። አሁን የሞተች ሴት መጥታ ቁም ሳጥኔን ትበረብራለች?

ልብሴን ሁሉ አልጋ ላይ ገለበጥኩት። የባለቤቴን ምላጭ አመጣሁ። ቀሚሶቹን አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ያንን ስፌት እተረትረው ጀመር።

"ሞተሻል!" እላለሁ። ምላጩ ይጮኻል። "ሞተሻል! አርፈሽ ተኚ! ልጄ ናት!"

"እማ..."

ዞርኩ። ሚጢ በሩ ላይ ቆማለች። ለካ የትምህርት ቤት ሰዓት አልፎ ብቻዋን መጥታለች። እኔ! አምስት ደቂቃ ስትዘገይ የማብደው ሴት፣ ልጄን ረስቻት።

"እማ ተዪው... ደክሟት ነው የሰፋችው።"

ምላጩ ከእጄ ወደቀ።

ተንበርክኬ ትከሻዋን ያዝኩ። የምናወራው በሹክሹክታ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

"ማን ናት?"

"ሴትየዋ።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"ጓሮ ልብስ ስታሰጪ። ወጥ ቤት ስትሆኚም... እዚያ ትቀመጣለች።" የአልጋውን ጫፍ አሳየችኝ።

"ምን ትልሻለች?"

"ብዙ አታወራም። ክሩን በጥርሷ ትበጥሰዋለች። መርፌው ላይ ክር እኔ ነኝ የማስገባላት፤ ዓይኗ ደክሟል።"

"አትፈሪያትም?"

አሰበች።

"አልፈራትም። እኔን አትቆጣኝም።"

"ማንን ነው የምትቆጣው?"

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። 

"ምን ፈለገች ሚጢዬ?"

ልጄ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች። ትንፋሿ ሞቃት ነው።

"ለአባባ እንድትነግሪው። በራስሽ አፍ። ከዚያ አልመጣም ብላለች።"

"ምኑን?"

"ታውቀዋለች አለችኝ።"

በቃ። ይህቺው ናት። እውነቱን ለባለቤቴ ብናገር ይቆማል።

ሁለት ቀን ተዘጋጀሁ። ዕቃ እያጠብኩ ቃሉን ደጋገምኩት። ካርድ እየፈለግኩ ደጋገምኩት። "ሚጢን አልወለድኳትም። አደራ የተሰጠችኝ ናት።" ሁለት ዓረፍተ ነገር። ስልኬ ደግሞ በዚያው ቁጥር ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ይጮኻል።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የመኪናው ጥሩምባ በር ላይ ተሰማ።

ባለቤቴ ከረዳቱ ጋር ሆኖ አንድ ነገር ተሸክሞ ገባ። የሕፃን አልጋ ነው። የእንጨት። ዙሪያውን ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ።

"አናጢውን አራት ቀን ነው የጨቀጨቅኩት" አለኝ እያለከለከ። "እግሩ ቢወዛወዝ ያንተን እግር ነቅዬ ነው የምገጥምበት ብዬዋለሁ! ነይ ነቅንቂው እስቲ። ነቅንቂው!"

ረዳቱ ስቆ ወጣ። እኛ ሦስታችን ቀረን። ሚጢ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

አሁን አልኩ በልቤ።

"አንድ ነገር ልነግርህ ነው" አልኩት።

"ንገሪኝ።" እጁ አሁንም አልጋው ላይ ነው። በመዳፉ እንጨቱን ያሻሸዋል፤ እሾህ እንዳይኖረው።

ያንን እጅ አየሁት።

እውነቱን ከነገርኩት ሚጢን አጣለሁ። እሱንም አጣለሁ። ሌላ መንገድ ቢኖርስ... ማልቀስ ብቻ የሚጠይቅ፣ ማንም የማይፈርድብኝ መንገድ...

"ልጁ..." አልኩ።

"እ?"

"ሞተ።"

እንዴት ቀለለኝ! ከምላሴ ላይ እንዲያ ቀልሎ ሲወጣ ነው የደነገጥኩት። ለካ ያንን ቃል አንዴ የለመደ አፍ አይረሳውም።

ባለቤቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንባዬ የእውነት ነበር።

የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሚጢ መጥታ ፊቱ ቆመች። እጆቹን ከፊቱ ላይ አነሳችለት። በግራ እጇ እንባውን ጠረገችለት።

"አባባ አታልቅስ" አለችው። "እኔንም ሞታለች ብላ ነበር።"

ቀና አለ።

"ምን አልሽ?"

"ለእናቴ። ሞታለች ብላ ጻፈችላት። እኔ ግን ይኸው አልሞትኩም።"

ባለቤቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ምንድን ነው የምትለው?"

"ልጅ ናት እኮ... ሕልም አይታ ነው..."

ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኬ ጮኸ።

ሦስታችንም አየነው። እጄን ዘረጋሁ። እሱ ቀደመኝ።

"ሃሎ" አለ።

ብዙ አልተናገረም። ቆሞ ነው የሰማው። ፊቱ ላይ የነበረው እንባ እዚያው ደረቀ።

"አዎ... ዘጠኝ ዓመት አልፏታል" አለ።

"አዎ..."

ሚጢን አየት አደረጋት።

"አዎ እናቴ። ግራኝ ናት።"

በነጋታው እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወጡ። እሱ ሻንጣዋን ይዞ ቀድሞ ወጣ። ዞር ብሎም አላየኝ። ጎረቤቶች አጥር ላይ ቆመዋል።

"ሚጢዬ" አልኩ ከበሩ ሥር።

ቆመች። ዞረች። ፊቷ ላይ ጥላቻ የለም። የሆነ የማውቀው ሰው ፈገግታ ነው ያለው።

"ደህና ሁኚ እትዬ" አለችኝ።

እትዬ። እማ ስትለኝ የኖረች ልጅ።

ይህ ከሆነ አምስት ወር ሊሞላው ነው። ሚጢ እታለም ዘንድ ናት። ባለቤቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሊያያት ይሄዳል አሉ። እታለም ከስሳኛለች፤ ቀጠሮዬን እየጠበቅኩ ነው። ይገባኛል። አልከራከርም።

ልብሴን ማንም አልነካውም። በየጠዋቱ እየገለበጥኩ ጎኑን አያለሁ፤ ስፌት የለም። ሁሉም ልክ ይሆነኛል። ኪሎዬ ሃምሳ ስምንት ነው። ጥርሷ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመርምሬያለሁ። ሦስቴም ባዶ።

በቃ፣ በራሴ አፍ ባልናገርም ልጄን ወሰደች፣ ተካካሰን፣ አለቀ ብዬ ነበር።

እስከ ትናንትና ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ።

ካርድ ክፍል ነኝ። የሕፃናት ክትባት ቀን ስለሆነ አግዳሚው ወንበር በእናቶች ሞልቷል። ካርድ ላቀብል ከክፍሌ ወጣሁ።

አንዲት የልጅ ልጃቸውን ያቀፉ እናት ቀና ብለው አዩኝ። ወዲያው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ቁጭ በይ እንጂ ልጄ" አሉ። "በዚህ ሆድሽ ቆመሽ ትውያለሽ?"

ሳቅኩ። ቁልቁል አየሁ። ጋዋኔ ጠፍጣፋ ነው።

"እኔን ነው እማማ?"

"አንቺን ነዋ! መንታ ነው እንዴ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሁሉም ሆዴን ነው የሚያዩት። አንዷ ለሌላዋ "ደርሳለች" ስትል ሰማሁ።

ጥርሷ የምርመራ ዕቃ ይዛ እያለፈች ነበር። በዓይኔ ለመንኳት። ሦስቴ ባዶ ያለችኝ እሷ ናት። ቆመች፤ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"አንቺ ግን ፈቃድ የምትወጪው መቼ ነው?" አለችኝ። "እዚሁ ካርድ ላይ ልትገላገዪ ነው?"

እማማ ሳይጠይቁኝ መዳፋቸውን ሆዴ ላይ አደረጉ።

"ኧረ ይሄ ልጅ!" ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። "እንዴት ይራገጣል!"

እኔ ምንም አልተሰማኝም።

እንደገና አስቀመጡት። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። ትንሽ አዳመጡ።

ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

"ልጄ..." አሉኝ በሹክሹክታ። "ያለቅሳል እኮ።"

አግዳሚው ላይ የነበረው ወሬ ሁሉ ቆመ። ሴቶቹ አንገታቸውን አዘንብለው አዳመጡ። አንደኛዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሌላዋ የራሷን ሕፃን ለጎረቤቷ ሰጥታ ተነሳችና ወደ ሆዴ ጎንበስ አለች።

"እሽሽሽ..." አለች።

ሁለተኛዋ ተነሳች። ሦስተኛዋ። ጥርሷም ዕቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"እሽሽሽ... እሽሽሽ..."

ዙሪያዬን ከብበው፣ ሆዴን እየደባበሱ ያባብላሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለቅሶውን ይሰማል።

እኔ ብቻ... ምንም አይሰማኝም።